ከጂጅጋ እስከ ቱርኩ፦ አርባ ስድስት ኪሎና አንዲት ሙሽራ

ከጂጅጋ የወጣሁት ሐሙስ ጠዋት ነው። ጉዞው የተጀመረው ግን ረቡዕ ከመግሪብ በኋላ፣ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ጂጅጋ የሚነግደው አባቴ እህል በሚመዝንበት ሚዛን ላይ ነው። ሁለቱ ሻንጣዎቼ በየተራ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ጎረቤቱ በሙሉ ግቢያችን ገብቶ ከቧል፤ አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "ሃያ አራት ከግማሽ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ይውጣ" ይላል። የማን ይውጣ? የእትዬ በላይነሽ በርበሬ ይውጣ ሲባል እትዬ በላይነሽ ፊታቸው ይጠቁራል። ሐሊማ ለእህቷ የላከችው ድራክ፣ ያ ስስ የሶማሌ ቀሚስ፣ ይውጣ ሲባል ሐሊማ "ድራክ ምን ክብደት አለው፣ አየር እኮ ነው" ትላለች። በመጨረሻ የወጣው የእኔ ጫማ ነው።

እናንተ ጂጅጋ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ሰው ለብቻው ውጭ አገር አይሄድም። እኔ የምሄደው ባለቤቴ ታደሰ ዘንድ ነበር። ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ በምትባል ከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሦስት ዓመት በስልክ ተጋብተን ከኖርን በኋላ ፈቃዴ መጣ፣ ተመስገን። ታደሰ የቆረጠልኝ ቲኬት ግን ስዊድን ላይ ያልቃል። "ሁለት ቀን አዲስ አበባ ታርፊያለሽ፣ አንድ አዳር ስቶክሆልም፣ ከዚያ በክሩዝ ባሕሩን ትሻገሪና እቀበልሻለሁ፤ ቀላል ነው" አለኝ። ክሩዝ የሚሉት ፎቅ የሚያህል የመንሸራሸሪያ መርከብ ነው። አርባ ስድስት ኪሎ ይዞ ለሚንሸራሸር ሰው ቀላል መሆን አለመሆኑን አልጠየቅኩትም። ወንድ ልጅ ሲናፍቅ ካርታ ማየት ይተዋል።

ሚዛኑ ላይ ስንጨቃጨቅ ኤዶ ሳፊያ ገባች። ኤዶ፣ አክስት ማለት ነው፣ ግድግዳችንን የምትጋራን ጎረቤታችን ናት፤ ከደምበል ወረዳ በሙሽርነት መጥታ ጂጅጋ የቀረች። ወላጅ እናቴ የሞተችው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን ያበጠረችው፣ የተቆጣችኝ፣ ታደሰ ሽማግሌ ሲልክ ከአባቴ ጎን ተቀምጣ የጠየቀችው እሷ ናት። ልጇ ሂቦ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ አጎቷ ዘንድ ቱርኩ ሄዳለች፤ ታደሰንም እዚያ የወሰደው ያው አጎቷ ነው። እኔ በምደርስበት ሳምንት ሂቦ ልታገባ ነበር። ኤዶ ሳፊያ ፓስፖርት የላት፣ ጉልበቷም አይችል። ስለዚህ በእሷ ፈንታ የምትሄደውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሻሽ አስራላት፣ ሽቶ ረጭታባት፣ እንደ ሕፃን ታቅፋት መጣች። ግቢው ጸጥ አለ።

ሔሮ ነበረች። ለማታውቁ ልንገራችሁ። በሰሜኑ የሶማሌ አገር ልጇን የምትድር እናት ደርቆ ደቅቆ የተከተፈ የግመል ስጋ በሱበግ፣ ማለት በነጠረ ቅቤ፣ ትጠብስና በእንጨት ዕቃ ትሞላዋለች። ከላዩ በሄል የታሸ ተምር ትለስንበታለች፣ ትከድነዋለች፣ በነጭ ጨርቅ ታለብሰዋለች፤ ከዚያ በአንድ ረጅም ገመድ ታስረዋለች። ቁም ነገሩ ገመዱ ላይ ነው። አስተሳሰሩን የሚያውቁት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሠርጉ በሆነ በሰባተኛው ቀን የሙሽራው ወገን ወንዶች ተሰብስበው ሳይቆርጡ መፍታት አለባቸው፤ ያልቻለ ይቀጣል፣ ይቀለድበታል። የወንዶቹ ድካም የእናትየዋ ክብር ነው። ቢላ የነካው ሔሮ ግን የእሷም፣ የልጇም ውርደት ነው።

ኤዶ ሳፊያ አሥራ አንድ ቋጠሮ አስራባት ነበር። እያንዳንዷን አውቃታለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ለሰው ሠርግ ስታስር አጠገቧ ተቀምጬ የገመዱን ጫፍ የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ ሂቦ ትዕግሥት የላትም።

"ወይኒ፣ ሻንጣ ውስጥ አታስገቢያት። በእጅሽ ያዣት" አለችኝ። "አማና ነች፣ አደራ። ቢላ እንዳይነካት።"

"ቢላ አይነካትም" አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ጂጅጋ ኤርፖርት ምንም ችግር አልነበረም፤ እንዲያውም ክብር ነበር። ፈታሿ ልጅ ሔሮዋን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ማሻአላህ፣ ሙሽራዋ የት ልትሄድ ነው?" "ፊንላንድ" ስላት "ብርድ አገር ነው፣ ደርቢላት" አለችና በማሽኑ ውስጥ ቀስ አድርጋ አሳለፈቻት። እኔም ይኼን አይቼ ዓለም ሁሉ እንደዚህ የሚያሳልፈኝ መሰለኝ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ከጂጅጋ ሰው በቀር ማንም የማይሳሳተው ስህተት።

አዲስ አበባ ያረፍኩት የአጎቴ ልጅ ቤት ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። አባቴ ወደ ደገሀቡር ጭነት ሲልክ ያስተማረኝን ዘዴ ተጠቀምኩ። ሁለት ሸክም ያለበት ሰው አንዱን ዓይኑ እስከሚያይበት ያደርሳል፣ ተመልሶ ሌላውን ያመጣል፣ አንዱንም ከዓይኑ አያርቅም። አንዷን ሻንጣ እስከ ደረጃው መታጠፊያ፣ ተመለስ፣ ሌላዋን፤ ሔሮዋ በነጠላ ጀርባዬ ላይ ታዝላለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ "ኧረ ልጁን ስጪኝ፣ እኔ ልያዝልሽ" አሉኝ። "ተኝታለች" አልኳቸው፤ ለማስረዳት ትንፋሽ አልነበረኝም። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ደረጃ ወርጄ ቦሌ ስደርስ ፈታሹ ሔሮዋን ከፊትም ከኋላም አይቶ "ምንድን ነች?" አለኝ። "ሙሽራ ናት" አልኩት። "ቲኬት አላት?" አለ፤ ሳቀ፣ አሳለፈን። አየር ላይ ከጭኔ አላወረድኳትም፤ ሽንት ቤት ይዣት ገብቻለሁ። ይቅር ትበለኝ።

ስቶክሆልም ሻንጣዎቼን ከሚሽከረከረው ጎማ ላይ አንስቼ በጋሪ እየገፋሁ ስወጣ የጉምሩክ ሠራተኛዋ ጠራችኝ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። እንግሊዝኛዋ ቀስ ያለ ስለነበር ተግባባን።

"ሻንጣሽ ውስጥ ስጋ ወይ የወተት ውጤት አለ?"

መዋሸት እችል ነበር። ግን አማና ታቅፌ መዋሸት አልሆነልኝም። "ሻንጣዬ ውስጥ የለም፣ እቅፌ ውስጥ ግን አለ" አልኳት።

መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። "ይኼ ሕፃን አይደለም እንዴ?"

"ሙሽራ ናት።"

"ሙሽራዋ ከስጋ የተሠራች ናት?"

"ከግመል ስጋ። ቅቤም አለባት።"

እንደዚህ ዓይነት መልስ ሰምታ የምታውቅ አልመሰለኝም። ወደ ውስጥ አስገባችኝ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናት። ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ስጋና ቅቤ ማስገባት ክልክል መሆኑን፣ መወገድ እንዳለበት ነገረችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ መቀስ አወጣች።

"መቀሱን መልሺው" አልኳት። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ አባቴ ጭነት ሊጥሉ የደረሱ ሰዎችን የሚያስቆምበት ድምፅ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞሩ።

"ደንብ ነው" አለች።

"ደንቡ ስጋውን ውሰጂ ነው የሚለው። ገመዱን ቁረጪ ይላል?"

የምሬን ነው የምላችሁ፣ አሰበችበት። "አይልም" አለች። ስዊድኖች በዚህ ነገር ሰው ናቸው። "ለመፍታት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?"

"ወንዶች ከፈቱት ግማሽ ቀን። እኔ ከሆንኩ ሃያ ደቂቃ።"

አርባ ደቂቃ ፈጀ። እያንዳንዱን ስፈታ በልቤ "ይኼኛው ከዚያኛው ሥር ነው የሚመጣው፣ ይኼ በግራ ይዞራል" እያልኩ እይዛለሁ፤ ምክንያቱም መልሼ እንደማስራት ከመጀመሪያው ቋጠሮ ላይ ወስኛለሁ። ሰባተኛው ላይ አንድ ፂማም ጓደኛዋ መጥቶ "ልሞክር?" አለ። ፈቀድኩለት። የማይነካውን ጫፍ ሳበና ይብስ አጠበቀው። "እኛ አገር ይኼን ያደረገ ወንድ በግ ይቀጣል" አልኩት። "በግም ማስገባት ክልክል ነው" አለኝ። በዚያ ጭንቀቴ ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ።

ክዳኑ ሲነሳ የሱበጉና የሄሉ ሽታ ያንን ቀዝቃዛ ክፍል ሞላው። ሴትዮዋም አሸተተችው፤ ዓይኗን ወደ ሌላ ቦታ አደረገች። ስጋውን ከነተለሰነው ተምር ወደ ቢጫ ዕቃ ገለበጡት። ኤዶ ሳፊያ ስንት ቀን ስታደርቀው፣ ስትከትፈው እንደነበር አይቻለሁ። አለቀስኩ፤ አልተደበቅኩም። ወረቀት ሰጡኝ፦ የግመል ስጋና ቅቤ፣ ተወግዷል። ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ደረቅ ተምርና በርበሬ ግን አለፈ። ባዶዋን ሔሮ፣ ጨርቋንና ገመዷን ተቀበልኩ። ገመዱ አልተቆረጠም። ከዚያ ክፍል የወጣሁት አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።

ማታ ሆቴል ሆኜ ለታደሰ ደወልኩ። ሆቴሉ ብዬ የምጠራው ክፍል ሻንጣዎቼ ሲገቡ እኔ ደጅ የምቆምበት ነው። "ታዲያ ምን ችግር አለ? ባዶውን መልሰሽ እሰሪው፣ እዚህ ስጋ ሞልቷል፤ ማን ያውቃል?" አለኝ። "እኔ አውቃለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ያናደደኝ ስጋ እዚያው እናገኛለን ያለው ትክክል መሆኑ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ወደቡ ላይ ስደርስ እንደ እኔ ዕቃ የሚጎትት ሕዝብ ሞልቷል። ደስ አለኝ፤ የሰው ወግ ነው፣ ለካ እዚህም ሰው ለዘመድ ይሸከማል ብዬ። ጠጋ ብዬ ሳይ ለቢራ ካርቶን ነው ጋሪው ሁሉ፤ በመርከብ ላይ ይረክሳል አሉ። ካቢን አልያዝኩም ነበርና ከደረጃው ሥር ሻንጣዎቼ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ የመርከቡ ሠራተኛ መጣ።

"ዕቃሽን ካቢንሽ ውስጥ አድርጊ።"

"ካቢን የለኝም።"

"እንግዲያው መኪናሽ ውስጥ።"

"መኪናም የለኝም።"

"ታዲያ ይኼ ሁሉ ዕቃ የማን ነው?"

"የሰፈሩ" አልኩት። ጥቂት አየኝና ወደ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ወሰደኝ። አንዷን ሻንጣ ራሱ ጎተተልኝ፤ የእትዬ በላይነሽን በርበሬ ክብደት የሚመሰክር ማቃሰት አቃሰተ።

ባሕሩን አላየሁትም ብል ይቀለኛል። ሰው ደሴት ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከጠዋት ጀምሮ ማይክ ይዞ ይዘፍናል። እኔ መስኮት ጥግ ተቀምጬ ባዶዋን ሔሮ አስራለሁ፣ እፈታለሁ። አምስተኛው ቋጠሮ ጠፋኝ። አራቱን አስሬ አምስተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ይቆማል። ፈርቼ ነበር፤ ከጠፋኝ ሂቦ በሰባተኛው ቀን ባዶ እጇን ነው ወንዶቹ ፊት የምትቀርበው፣ እናቷም ሳታውቅ ትዋረዳለች። ስድስት ጊዜ ፈትቼ ካሰርኩ በኋላ ዓይኔን ጨፈንኩና ኤዶ ሳፊያ ያንን ስታስር የምታደርገውን አሰብኩ። እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ገመዱን በጥርሷ ትይዛለች። እኔም በጥርሴ ያዝኩ፤ እጄ ራሱ ቀጠለ። መርከቡ ቱርኩ ሲደርስ አሥራ አንዱንም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማሰር ችዬ ነበር።

ታደሰ ወደቡ ላይ ተቀብሎ ቤት አደረሰኝ፤ ለሂቦ በዚያው ምሽት ሁሉንም ነገርኳት። እቅፍ አደረገችኝና "ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ልቧ ይሰበራል" አለች። ቃል አልሰጠኋትም፣ እንቢም አላልኳትም። ስጋውን ሶማሌዎቹ ከከፈቱት ሱቅ ገዛን፣ አዲስ ድስት ገዛን፤ ግመል የለም፣ በሬ ይሁን አልን። ስጋው ግን በምን ይድረቅ? የቱርኩ ፀሐይ ለስሙ ነው የምትወጣው። ሕንፃችን ምድር ቤት ውስጥ ግን ነዋሪው በተራ የሚገባበት የእንፋሎት ክፍል አለ፣ ሳውና ይሉታል፤ ውኃ ካልረጩበት እሳት ነው። ተራችንን ይዤ ሰባት ኪሎ ስጋ በገመድ ሰቀልኩበት። ብዙም ሳይቆይ የሕንፃው ኃላፊ መጣ።

"ሳውናው ውስጥ ስጋ አለ።"

"አዎ፣ የእኔ ነው።"

"ሳውና ለሰው ነው።"

"ሰው እዚያ ገብቶ ምን ያደርጋል?"

"ይቀመጣል፣ ያልበዋል።"

"ስጋውም ያንኑ ነው እያደረገ ያለው።"

የተራ መዝገቡን አወጣ፣ ስማችንን አገኘው። "ተራሽ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ደቂቃ እንዳታሳልፊ" ብሎ ሄደ። ደንባቸውን ካወቅክ ከእነዚህ ሰዎች ጋር መኖር ይቻላል። ለሦስት ቀን ጎረቤት እየለመንኩ ተራ ተቀበልኩና ስጋው ደረቀ፤ ከተፍኩት፣ ቅቤውን በሄል አነጠርኩ፣ ያሻገርኩትን ተምር አሽቼ ለሰንኩበት። ከዚያ በሬን ዘግቼ አሰርኳት።

ሠርጉ በሆነ በሰባተኛው ቀን የሙሽራው ወገን አሥራ ሁለት ወንዶች ከበቧት። እኔ ከሂቦ ወገን ሴቶች ጋር ተቀምጫለሁ፤ አንዷ ቀጭን ዱላ ሰጠችኝ፣ የማይነካውን የነካ እጁን ቸብ ነው። ኢንጂነር ነኝ የሚል አንድ ወንድሙ መጀመሪያ ገባ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ መታሁት። ሻይ መጣ፣ ምሳ ቀረበ፣ ተነሳ። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ይሳደባሉ፣ ወንዶቹ ያልባቸዋል። በመጨረሻ የሙሽራው አጎት፣ ፂማቸውን ሂና የተቀቡ የደምበል ሽማግሌ፣ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን መረመሩ። "ይኼ የደምበል ሴቶች እጅ ነው። በእኔም ሠርግ እንዲህ አድርገው ነው ያደከሙኝ። ማን ነው ያሰረው?"

"እናቴ" አለች ሂቦ ፈጠን ብላ።

እኔ ዱላዬን ማየት ያዝኩ። ደረቴ ግን ልብሴን ሊቀድ ደርሶ ነበር። የደብረ ብርሃን ነጋዴ ልጅ ያሰረችውን የደምበል ሽማግሌ የአገሬ እጅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ልስማ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀባቸው። ተከፈተ፣ ተበላ፣ ተመረቀ።

ከዚያ ኤዶ ሳፊያ ደወለች፤ ስልኩን ሂቦ ሰጠችኝ። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ከኋላዋ ግቢያችን ይታያል፣ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

"ቢላ አልነካትም?"

"አልነካትም።"

"ስንት ሰዓት ፈጀባቸው?"

"ሁለት ሰዓት ከሩብ።"

በጣም ሳቀች። "እንዳሰርኳት ደረሰች በይኛ።"

ሂቦ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ስልኩን ይዤ ወደ በረንዳ ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። ጉምሩኩን፣ ቢጫውን ዕቃ፣ መርከቡን፣ ሳውናውን አንድ በአንድ ነገርኳት።

"እና ማን አሰራት?"

"እኔ።"

"ብቻሽን? አሥራ አንዱንም?"

"ብቻዬን፣ አሥራ አንዱንም።"

"ሁለት ሰዓት ከሩብ" አለች ለራሷ። ከዚያ ዞር ብላ በሶማሊኛ ለግቢው ሁሉ ጮክ ብላ ተናገረች፦ ልጄ ናት ያሰረችው። ሴቶች እልል ሲሉ ሰማሁ። ተመልሳ ስትመጣ ድምፅዋ ወርዷል።

"ወይኒ፣ ለማንም አልነገርኩም። የሂቦን ሳስር ሦስት ጊዜ ነው የፈታሁት። እጄ እንቢ ብሎኛል። ከረመዳን በኋላ የወንድሜ ልጅ ደምበል ላይ ታገባለች፤ የሚያስርላት የለም። ትመጪያለሽ?"

በረንዳው ላይ ነፋስ ነበር። "ኢንሻአላህ" አልኳት። ኢንሻአላህ እንዴት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

"ሃዬ፣ እሺ" አለች። "እንግዲያው ገመዱን አምጪ። ሙሽራዋ ራሷ እዚህ ናት፣ እጠራታለሁ። ቀስ ብለሽ አሳያት፣ ከመጀመሪያው።"

ገብቼ ገመዱን ከምንጣፉ ላይ ሰበሰብኩ፤ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቆምኩት። የአንዲት የማላውቃት ወጣት ፊት ከኤዶ ሳፊያ ጎን ገባ። አንደኛውን አሳየኋት፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። "ድገሚው" ትለኛለች፣ እደግምላታለሁ። አራተኛው ላይ ስንደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ገመዱ እንዳይላላብኝ ጫፉን በጥርሴ ያዝኩና መልሳ እስክትደውል ጠበቅኳት።